ልጁ «ክናይፍ» ብሎ አነበበ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ፈገግ አልኩ። አሁን ምን ላድርግ?

ከጦሳ ስር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል። ለሥራ ባልደረቦቼ ደፍሬ አላወራሁትም። እዚህ ልጻፈውና ምከሩኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ምንባብ በየተራ እያስነበብኩ ነበር። ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ። ተራው ከኩታበር በኩል የመጣ አንድ ልጅ ጋ ደረሰ። ይህ ልጅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፤ ቅዳሜ ወደ ቤተሰቡ ይሄድና እሁድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። 8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ነው ያለፈው፤ ሒሳብ ላይ አሁንም የሚደርስበት የለም። ተነሳ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ያነባል። «ናይፍ» (knife፣ ቢላዋ) የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ የማትነበበዋን የመጀመሪያ ፊደል፣ ኬን፣ እንዳያት ጠርቶ «ክናይፍ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

የሚያንገበግበኝ የነሱ ሳቅ አይደለም። ልጆች ናቸው፣ ይስቃሉ። እኔ ፈገግ አልኩ። ለአፍታ ነው፣ ወዲያው ፊቴን ሰበሰብኩ፣ ግን ልጁ ቀና ብሎ ያየው የኔን ፊት ነበር። የቀረውን አላነበበም። መጽሐፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔም «ኔክስት» ብዬ አለፍኩ። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ነው ያለፍኩት።

ረቡዕና ሐሙስ አልመጣም። ዓርብ መጣ። የት ነበርክ ስለው «ሆዴን አሞኝ» አለኝ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። ከዚያ ወዲህ በኔ ፔሬድ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ወንበር ላይ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቃል ተናግራ የማታውቅ ልጅ አለች፤ ደብተሯን ስታዩት ግን ከክፍሉ ሁሉ ንጹሕ እንግሊዝኛ የምትጽፈው እሷ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔም ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እነሱን ነው የማስበው።

አምና በክረምት ስለ ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ ግማሽ ቀን ስልጠና ወስደን ነበር። የራስን ስሜት ማወቅ፣ መግራት፣ የሌላውን ስሜት ከፊቱ ማንበብ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር እየተባለ ተነገረን። እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ሐሳቡን እንደጻፉት፣ በ1995 ደግሞ ዳንኤል ጎልማን ለብዙኃኑ እንዳደረሰው ማስታወሻ ይዣለሁ። ማስታወሻዬ አሁንም አለ። ግን ማክሰኞ ዕለት ያ ሁሉ የት ገባ? የልጁን ፊት ማንበብ ቀርቶ የራሴን ፊት መያዝ አቃተኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ልጁን እንዴት ነው ወደ ንባብ የምመልሰው? ሌላው ደግሞ፣ 64 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ስሜት መከታተል የእንግሊዝኛ መምህር ሥራ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?

የኮምቦልቻዋ ቲቸር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አይዞህ። ፈገግታህ እስከዛሬ ካንገበገበህ ልጁ የወደቀው ደህና ሰው እጅ ላይ ነው።

እኔ ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ነኝ፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ያንተን ዓይነት ልጆች ወደ 9ኛ የምሸኛቸው እኔ ነኝ ማለት ነው። እስቲ ነገሩን ከሱ በኩል እየው። በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 8ኛ ድረስ ሳይንሱንም ሒሳቡንም በአማርኛ ነው የተማረው፤ እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ብቻ ነበር። መስከረም ላይ 9ኛ ሲገባ ባዮሎጂው፣ ጂኦግራፊው፣ ታሪኩ፣ ሁሉም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሰኔ ላይ ጎበዝ ሲባል የነበረ ልጅ ክረምቱን ከብት ጠብቆ፣ አርሞ፣ ተመልሶ ሲመጣ ሰነፍ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ያ ብቻውን ሆድ ያስብሳል። ከተማ ውስጥ ዘመድ የለውም፣ ማታ ለራሱ ነው የሚያበስለው። የቀረው ክብሩ ነበር፤ እሷንም ማክሰኞ ዕለት ሳቁባት።

ኮሌጅ የተማርነውን አስታውስ። ስቲቨን ክራሸን በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ስለ አፌክቲቭ ፊልተር ጽፏል። ተማሪ ሲፈራ፣ ሲያፍር፣ በራሱ እምነት ሲያጣ የሚሰማው ቋንቋ ጆሮው ድረስ ይመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም ነው ሐሳቡ። እኔ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የጀበናው መቅጃ ላይ የሚደረገው ውታፍ ነው። ጠብቆ ከተወተፈ ጀበናው ሙሉ ሆኖም ቡናው አይወርድም። አንተ ጀበናውን ደጋግመህ ብታዘነብለው ዋጋ የለውም፣ ውታፉን ነው ላላ ማድረግ ያለብህ።

የኔን ልንገርህ። በ2014 ህዳር መጨረሻ ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ስንከፍት የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ክፍል ገባሁ። ሁሉም ብድግ አሉ። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» እኔም እንደ ልማዴ «ሃው አር ዩ?» አልኩ። «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር!» አሉኝ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እንደ መዝሙር። ከፊቴ ከቆሙት ውስጥ ቤቱ የተዘረፈበት ነበር። አባቱ ያልተመለሰ ነበር። ታናሽ ወንድሟን አዝላ በእግሯ ስትጓዝ የሰነበተች ነበረች። ፋይን የሆነ አንድም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም። ሲት ዳውን ማለት አቃተኝና ዝም ብዬ ቆምኩ፣ እነሱም ዝም ብለው ቆሙ።

ያን ቀን ነው አንድ ነገር የገባኝ። ልጆቼ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማሩ ስለራሳቸው ስሜት የሚያውቁት ሦስት ቃል ነው፤ ሃፒ፣ ሳድ፣ ፋይን። በዚህ ሦስት ቃል ምን ሊሉኝ ይችላሉ? በማግስቱ በአማርኛ ጀመርን። ሰሌዳው ላይ እነሱ እየነገሩኝ ጻፍኩ። ከፋኝ። ደበረኝ። ፍርሃት ያዘኝ። ሆድ ባሰኝ። ናፈቀኝ። አንጀቴ ተላወሰ። ጨነቀኝ። ሰሌዳው ሞላ። ከዚያ አንድ በአንድ እንግሊዝኛውን ፈለግንለት። እዚህ ጋ እኔ ራሴ ያላሰብኩትን ነገር አየሁ። በአማርኛ አድራጊው ስሜቱ ነው፤ እሱ ይይዘናል፣ እሱ ይከፋናል፣ እኛ ተቀባይ ነን። እንግሊዝኛው ግን «አይ አም አፍሬድ»፣ «አይ ሚስ ማይ ማዘር» ይላል፣ ሰውየውን ራሱን ባለቤት ያደርገዋል። ልጆቹ ለዚህ ነው ዓረፍተ ነገሩ የሚጣመምባቸው። አእምሯቸው ደንዝዞ አይደለም። «ሆድ ባሰኝ»ን ለመተርጎም አንድ ሙሉ ፔሬድ ፈጀብን፣ አልተሳካልንም፣ ግን እንደዚያ ቀን እጅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ይሉኝታንማ ጨርሶ አልደፈርነውም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ይቅርታ ጠይቅ። ሳቁ በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ልጁን ግን አታስነሳው፣ ስሙንም አትጥራ፣ ደግሞ ይሳቀቃል። ስለራስህ ብቻ ተናገር። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ወር ማንንም ሳያዘጋጁት ብድግ አድርጎ ማስነበብ ይቅር። መጀመሪያ ለብቻቸው በለሆሳስ ያንብቡ፣ ቀጥሎ ከጎናቸው ላለው፣ ቀጥሎ በቡድን አብረው፣ ፈቃደኛ ከተገኘ ብቻ ለክፍሉ።

ሌላው ስትጠይቅ ጠብቅ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን በቴፕ እየቀዳች ስታጠና መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። እዚያ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚማሩት። የኛ ልጅ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ መልሱን በአማርኛ ያስባል፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል። እኔ በልቤ እስከ አስር እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ዝምታው ይከብዳል፣ ትለምደዋለህ።

ቀጥታ ልናገር

ለሁለታችሁም አክብሮት አለኝ፣ ግን የማምንበትን ልበል። እኔ 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በ2014 የብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በአገር ደረጃ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2። እነዚህን ቁጥሮች ስሰማ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፣ ከራሴ ተማሪዎች ስንቱ እንደቀረ ስለማውቅ። የእንግሊዝኛው ፈተና ምርጫ ነው፤ ምንባብና ሰዋስው። ማንም ተነስተህ ተናገር አይለውም። የ40 ደቂቃ ፔሬድ ለ64 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 37 ሰከንድ ተኩል ነው የሚደርሰው። በዚያች ሰከንድ የማንን ስሜት ነው የምናነበው?

ልጁ ደግሞ መጠንከር አለበት። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንም አያባብለውም። የሳቁትን ቅጣ፣ ልጁን አይዞህ በለው፣ ወደ ትምህርትህ ተመለስ። ይህን የምለው ስለማይገደኝ አይደለም። ስለሚገደኝ ነው።

ሐረጎ ላይ ሆኜ

መምህር፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎ። እኔ ተማሪ ነኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ነኝ፤ 9ኛ ክፍል የተማርኩት ደሴ ነው። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። የኔ ቃል «ዌድነስደይ» ነበር፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራሁት፤ ከዚያ በኋላ እስከ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ልጆች «ዌድነስደይ መጣች» ይሉኝ ነበር።

መጠንከር አለበት ላሉት አልጠነከርኩም። ዝም አልኩ። ሰው ከውጭ ሲያየው የጠነከረ ይመስላል፣ ዝምታ ግን መጠንከር አይደለም። ደግሞ እንግሊዝኛ ፔሬድ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም ላይ ዝም አልኩ። ያልገባኝን አልጠየቅኩም። መልሱን እያወቅኩ እጄን ከዴስኩ በታች ጨብጬ እቀመጥ ነበር። ሌላ ልጅ ያንኑ መልስ ሲመልስና ሲጨበጨብለት የሚሰማኝን አሁንም አስታውሳለሁ። ስለዚህ መምህር፣ ይህ ነገር ፈተናው ላይም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ 12ኛ ክፍል ላይ እየመጣ ጠብቆኛል።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ሕፃን ሆኜ ቁርኣን ቤት ተምሬያለሁ። ዐረብኛም እኮ የሰው ቋንቋ ነው፣ ሲጀመር ትርጉሙን እንኳ አናውቀውም። ግን አፍሬ አላውቅም። ለምን ብዬ ሳስበው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምንቀራው፣ የኔ ስህተት በሌላው ድምፅ ውስጥ ይሸፈናል፤ ሸኹ ደግሞ ጆሯቸው ስል ነው፣ ከመሐል ለይተው ሰምተው ጠጋ ብለው ያርሙኛል፣ መልሼ እላለሁ፣ አለቀ። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረች ጓደኛዬም እንደዚያው ነው የምትለው። አለንጋ ነበር፣ እሱን አልደብቅም፣ ደግም አልነበረም። የሚስቅ ግን አልነበረም።

እኔን ያወጣኝ የ11ኛ ክፍል መምህሬ ነው። አንድ ቀን ደብተሬን አርሞ ሲመልስልኝ ከታች በእርሳስ «ነገ ሦስተኛውን ጥያቄ አንቺን እጠይቅሻለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። ያን ማታ መልሴን አርባ ጊዜ አልኩት፣ ለእናቴ፣ ለታናሽ እህቴ፣ ወጥ እያማሰልኩ። በማግስቱ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አላጨበጨበልኝም፣ «ጉድ» ብሎ አለፈ፣ ልክ እንደማንኛውም ልጅ። እሱ ነው የጠቀመኝ። ለማንም አልነገረም። ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ እንደዚያ ያደርግልኝ ነበር፤ ከዚያ ሳይጽፍልኝም እጄን ማውጣት ጀመርኩ። ከጦሳ ስር ያሉት ቲቸር፣ ለዚያች ለማትናገረው ልጅ ይህንን ይሞክሩላት። ጊዜ አይወስድም፣ አንድ መስመር ነው።

የኮምቦልቻዋ ቲቸር

እህቴ፣ አንብቤሽ እንባዬ መጣ። ለቀጥታ ልናገር አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1986 ኢሌን ሆርዊትዝና ሁለት ባልደረቦቿ የቋንቋ ክፍል ፍርሃትን የሚለካ 33 ዓረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አውጥተው ነበር። ፍርሃቱን ከሦስት ነገር ጋር ነው ያያያዙት፤ ለመናገር መፍራት፣ ሰው ምን ይለኛል ማለት፣ እና ፈተና መፍራት። ፈተናውም አብሮ አለበት። የሚያሳስብህ ነገር ትክክል ነው ወንድሜ፣ ግን ከዚህኛው ጋር አንድ ገመድ ነው።

ጡረተኛው ከሰኞ ገበያ

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰነበትኩ። የልጅ ልጄ ናት ስልኩን ከፍታ ያነበበችልኝ፣ የምለውንም እሷ ትጽፍልኛለች።

መምህር ይቅርታ አይጠይቅም እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም አልጠየቅኩም። ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ሲለኝና ሳላውቀው ስቀር «ቁጭ በል፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» እለው ነበር። ልጁ አጥፍቶ አይደለም። ፈርቼ ነው። እኛም የተማርነው እንደነሱ ነው፣ አፋችንን በእንግሊዝኛ የፈታን የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪውን ፍርሃት በቁጣ ስሸፍን የነበረው የራሴን እንዳያዩብኝ ነው። ይህን ካወቅኩ ቆየሁ፣ ለሰው ስናገር ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ልጄ፣ የተማሪህን ፊት ከማንበብህ በፊት የራስህን አንብብ። አንተ በስድስት ዓመትህ ጀምረኸዋል፣ እኔ 34 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ መጠበቅ የተባለውን ሰማሁ። በ1997 አካባቢ ፕላዝማ የገባ ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይቆይና ራሱ መልሶ ይቀጥላል። ማስቆም አይቻል። ልጆቹ ጥያቄውን ሰምተው ሳይጨርሱ መልሱ ያልፋቸዋል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ አያለሁ። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው እኔም ሳስተምር እንደሱው ነበርኩ፣ ጠይቄ ራሴ የምመልስ።

ስለዚያች ስለ «ክናይፍ» ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለልጁ ንገርልኝ። አልተሳሳተም። የጥንት እንግሊዞች ያችን ኬ ይጠሯት ነበር። ቃሏን «ክኒፍ» እንደማለት ነበር የሚሏት። ድምጿ እየደከመ ሄዶ በ17ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ከአፋቸው ጠፋች፤ ጽሕፈቷ ግን እንዳለ ቀረ። እኛም ጋ አለ እኮ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በግዕዝ ለየብቻ ድምፅ ነበራቸው፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንደዚያው። በአማርኛ አፋችን አንድ አደረጋቸው፣ ፊደሉ ግን እስከ ዛሬ ይጻፋል። ዐረብኛ የሚቀራ የወሎ ልጅ ሦስቱን «ሀ»ዎች አሁንም ለይቶ ይጠራቸዋል። ስለዚህ ያ ልጅ ፊደል አይቶ እንዳለ ማንበቡ የደንቆሮ ሥራ አይደለም። የተጻፈውን ያመነ ልጅ ነው።

ከጦሳ ስር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት አንብቤ ለመሞከር ስለፈለግኩ ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሰኞ አራተኛው ፔሬድ ላይ ገባሁና «ሲት ዳውን» ካልኩ በኋላ በአማርኛ ነው የተናገርኩት፣ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። «ባለፈው አንድ ሰው ሲያነብ ፈገግ ብያለሁ። ትክክል አልነበረም፣ ይቅርታ» አልኩ። ይኸው ነው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው፣ እኔም ግራ ገባኝ። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ እንዳላይ ራሴን ያዝኩ። ከዚያ የኬዋን ነገር ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ «ንጉሥ»ን ጻፍኩና «ይሄ ሠ እና ሰላም የምንጽፍበት ሰ አሁን በድምፅ ምን ይለያያሉ?» አልኳቸው። አንዲት ልጅ «ምንም» አለች። «ታዲያ ለምን ሁለቱንም እንጽፋለን?» ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ዐረብኛ የሚቀሩት ልጆች ሦስቱን «ሀ» ተነስተው አሰሙን፣ ሌሎቹ ሊሞክሩት እየተጋደሉ፣ ያልቻለ ሁሉ ሳቀ፣ ግን ይኼኛው ሳቅ ማንንም አላሳፈረም።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ልጅ በሌላ ልጅ ንባብ ላይ ሳቀና መቆጣት ጀምሬ መሐል ላይ ቆምኩ፤ አሁንም መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው። ቀጥታ ልናገር ያልከውም ትክክል ነው፣ ምንባቡን አልጨረስኩም፣ አንድ ዩኒት ወደኋላ ቀርቻለሁ፣ እንዴት እንደማካክሰው እያሰብኩ ነው። የማትናገረዋ ልጅ ደብተር ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ጻፍኩላት። በማግስቱ ስጠይቃት አልመለሰችም። አስር ቆጠርኩ፣ ሃያ ቆጠርኩ፣ አልመለሰችም፤ «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ አለፍኩ። ደብተሯን ስሰበስብ ግን ከኔ መስመር ስር መልሱን ጽፋዋለች፣ ከሱ ስር ደግሞ በእንግሊዝኛ «ቱሞሮው አስክ ሚ አጌን» ብላለች። ጠይቄያታለሁ። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች። ከፊቷ ያሉት እንኳ አልሰሙም፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ።

የኩታበሩ ልጅ እስካሁን ለክፍሉ አላነበበም። ከጎኑ ላለችው ያነባል። ባለፈው ሐሙስ ግን ደወል ከተደወለ በኋላ በር ላይ ጠበቀኝ። ከማክሰኞዋ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ደብተሩን ከፈተ። አንድ ገጽ ሙሉ ቃል ለቅሞ ጽፏል፤ ናይት፣ ራይት፣ ሊስን፣ ኒ፣ ዳውተር፣ እያንዳንዱ ላይ የማይነበበውን ፊደል በቀይ አስምሮበታል። «ቲቸር፣ እነዚህስ ድሮ ይነበቡ ነበር?» አለኝ።

አንዳንዱን አውቀው ነበር፣ አንዳንዱን አላውቅም አልኩት። አብረን እንፈልጋለን ብዬ ለፊታችን ሐሙስ ቀጥሬዋለሁ። ጡረተኛው መምህር፣ ስለ «ናይት» (night) ፊደሎች፣ ስለ «ጂ» እና «ኤች»፣ የሚያውቁት ካለ እባክዎ ከረቡዕ በፊት ያጽፉልኝ።